ሽቦው ለማን ይናገራል? አነስተኛ ፋብሪካዎችና የሚነጋገሩ ማሽኖች

በድሬዳዋ ለአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ የፋብሪካ ባለቤቶች፣ ሥራ አስኪያጆች፣ የጥገና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ከሐረርና ከአካባቢው ከተሞች የመጣችሁ እንግዶች፤ ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ዛሬ ጠዋት በዚህ አዳራሽ ስላደረግነው ነገር ልንገራችሁ። ከአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን ጋር ሆነን በግራ በኩል የምታዩትን ፓኔል ከፍተን፣ አምስቱን የጣሪያ ማራገቢያዎች በሚመግበው መስመር ላይ ባለሙያዎች ሲቲ የሚሉትን የመለኪያ ቀለበት አጥልቀናል። አንድም ሽቦ አልቆረጥንም። ቀለበቱ በመስመሩ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በየአሥር ሰከንዱ እየለካ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ላለችው አነስተኛ ሳጥን ያቀብላል፤ ሳጥኗም ትመዘግባለች። ለጊዜው እንተዋትና ወደ ባቡሩ እንሂድ።

ድሬዳዋ ላይ የሚናገር ሰው ሁሉ ከባቡር ይጀምራል፤ እኔም ከልማዱ አልወጣሁም፤ ነገር ግን የማነሳው ሎኮሞቲቩን ሳይሆን ከሐዲዱ ጎን የተዘረጋውን ሽቦ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስና ከተማችን በዙሪያው ስትቆረቆር፣ ከሐዲዱ ጋር የቴሌግራፍ መስመርም አብሮ ይዘረጋ ነበር። በነጠላ ሐዲድ ላይ የሚመላለሱ ባቡሮች ፊት ለፊት እንዳይጋጩ፣ አንድ የጣቢያ ሹም ከፊቱ ያለው ጣቢያ መስመሩ ነጻ መሆኑን እስኪያረጋግጥለት ድረስ ባቡር አይለቅም፤ ይህ በነጠላ ሐዲድ የሚሠሩ ባቡሮች የሚተዳደሩበት የቆየ ደንብ ነው። እንግዲህ ሽቦው የሚያመጣው ወሬ ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩ ሥልጣን አለው፤ ሥልጣኑም ቁርጥ ያለ ነው፤ ወይ ይለቃል፣ ወይ ያቆማል። እኔ ዛሬ ስለ ሴንሰር፣ ስለ ዳታና ስለ ኢንተርኔት የምለው ሁሉ ከዚያ የጣቢያ ሹም ወንበር አይርቅም። በፋብሪካችሁ ውስጥ አንድ ማሽን እንዲናገር ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ንግግሩን የሚሰማው ማን እንደሆነና ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ በስም መጥራት ካልቻላችሁ፣ ገንዘቡን ለመለዋወጫ አውሉት።

የፋብሪካ ማሽኖችን በሴንሰርና በኢንተርኔት ለማገናኘት የሚሰጠው «ኢንዱስትሪ 4.0» የሚለው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን የሃኖቨር የንግድ ትርዒት ላይ ይፋ የሆነ ነው። ስሙ ግርማ አለው። ይሁን እንጂ በስሙ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች አብዛኞቹ ከስሙ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ማሽኖች የሚነጋገሩበት ሞድባስ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሲሆን ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኙት ርካሽ የኤሌክትሪክ መለኪያም ሆነ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ውድ ኢንቨርተር አሁንም ይናገረዋል። ስለዚህ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ብቻ የሚችሉት አዲስ ጥበብ ነው ብላችሁ አትፍሩ። ስሙን ሰምታችሁም አትግዙ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የዱቄት ፋብሪካ ምክሬን ሰምቶ በአሥራ ሁለት ሞተሮች ላይ ንዝረትና ሙቀት የሚለኩ ሴንሰሮች አስገጠመ። ሥራው ሲያልቅ ያማረ ነበር፤ በቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራቶች ያሳያል፤ ማስጠንቀቂያውም በቀጥታ በባለቤቱ ስልክ ላይ ይገባል። የማስጠንቀቂያውን ወሰን ያስቀመጥኩት ከመመሪያ መጽሐፍ ወስጄ ነበር፤ ማሽኖቹ ግን ዕድሜያቸው የገፋ፣ መሠረታቸው የላላ፣ አዲስ በነበሩበት ቀን እንኳ በመመሪያው ልክ ተንቀጥቅጠው የማያውቁ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የባለቤቱ ስልክ በየሌሊቱ እየጮኸ እንቅልፍ ነሳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ድምፁን አጠፉት። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አጠፋው ነበር።

በሦስተኛው ወር የአንዱ ወንፊት ሞተር ኩሽኔታ ተቃጠለ። ዘንጉንም ይዞ ሄደ፤ ፋብሪካው አራት ቀን ቆመ። ከዚያ በኋላ መዝገቡን ወደ ኋላ ስናገላብጥ የዚያ ኩሽኔታ ንዝረት ከመቃጠሉ በፊት ለ19 ቀናት ያለማቋረጥ እየጨመረ ሲሄድ አየን። ሴንሰሩ ሥራውን ሠርቷል። ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የሌሊት ፈረቃው ኦፕሬተር፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራው ሽማግሌ ሰው፣ በማሽኑ አጠገብ በተንጠለጠለው ቅባት በነካው ደብተር ላይ ኩሽኔታው ከመቃጠሉ 16 ቀን ቀደም ብሎ «የወንፊቱ ሞተር ድምፅ አለው» ብሎ በእርሳስ ጽፎ ነበር። ከሥሩ ማንም አልፈረመም። ከሦስት ቀን በኋላ «አሁንም አለው» ብሎ ደግሟል። እንግዲህ በሺዎች ብር የተገዛው ሴንሰርና በአንድ እርሳስ የተጻፈው ደብተር በሦስት ቀን ልዩነት ያንኑ ነገር ተናግረዋል፤ ሁለቱንም የሰማቸው የለም። ደብተሩን የሚያነብ ሰው ባልነበረበት ቤት ስክሪኑን የሚያነብ ሰው ይኖራል ብዬ ማሰቤ ነበር ስሕተቱ።

ያስተካከልነውም አንድ ሳንቲም ሳንጨምር ነው። የባለቤቱን ስልክ ከመስመሩ አወጣን። ለአንድ ወር ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይላክ እያንዳንዱ ሞተር ደህና በሆነበት ጊዜ ስንት እንደሚንቀጠቀጥ ብቻ መዘገብን፤ ወሰኑንም ከመመሪያው ሳይሆን ከሞተሩ ከራሱ ልማድ ቀዳነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሞተር ከልማዱ ሲወጣ መልእክቱ ለጥገና ኃላፊው ብቻ ይሄዳል፤ እሱም በዕለቱ ሄዶ በእጁ ዳስሶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ ከኦፕሬተሩ ጋር ተነጋግሮ በዚያው ደብተር ላይ ይፈርማል። ልዩነቱ ከቀጠለ ኩሽኔታ ከመጋዘን እንዲወጣ ወይም እንዲገዛ ያለማንም ፈቃድ የማዘዝ ሥልጣን ተሰጠው። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ከባዱ ነበር፤ ባለቤቱ አሥራ ሁለት ሴንሰር ለመግዛት ያልፈጀባቸውን ክርክር አንድ ኩሽኔታ በሌላ ሰው ፊርማ እንዲገዛ ለመፍቀድ ፈጅቶባቸዋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ላንሳ። ይህ ዓይነቱ ቴክኖሎጂ ለበለጸጉት አገሮች እንጂ ለእኛ ገና ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በተቃራኒው ነው የማስበው። የጀርመን ፋብሪካ ኩሽኔታው ሊበላሽ 19 ቀን እንደቀረው ባያውቅም ብዙ አይጎዳም፤ ዕቃውን ዛሬ አዝዞ በማግሥቱ ይቀበላል። እናንተ ግን የተለመደው መጠን ከሆነ አዲስ አበባ ድረስ፣ ልዩ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ጠብቃችሁ፣ በጅቡቲ በኩል አስገብታችሁ፣ በጉምሩክ አሳልፋችሁ ነው የምታገኙት። ስለዚህ የ19 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ከሃኖቨር ይልቅ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ብዙ ያወጣል።

ይህን ካልኩ በኋላ ከምን እንጀምር ለሚለው ጥያቄ ያለኝ መልስ የንዝረት ሴንሰር አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ በማንኛውም ፋብሪካ፣ በዱቄትም ሆነ በፕላስቲክ፣ በብሎኬትም ሆነ በጨርቃ ጨርቅ፣ ሁሉንም ማሽን የሚነካ ነገር ነው፤ ለመለካት ማሽን መፍታት አያስፈልገውም፤ ውጤቱም በወር መጨረሻ በብር ይታያል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የታሪፍ ማስተካከያው በየሦስት ወሩ፣ በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ እንዲሆን ስለተወሰነ፣ ዛሬ በቸልታ የሚያልፈው ብክነት ከርሞ በሌላ ዋጋ ይመጣል። በወር አንድ ጊዜ የሚመጣው ደረሰኝ የሚነግራችሁ ስንት እንደከፈላችሁ ብቻ ነው። በየሩብ ሰዓቱ የተመዘገበ መለኪያ ግን መቼ እንደከፈላችሁ ይነግራችኋል፤ የኤሌክትሪክ ነገር ደግሞ ምስጢሩ ያለው «መቼ» በሚለው ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የምታዩት እሑድን ነው። ስለ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አምራች ላንሳ። ሥራ የለም፤ በሩ ተቆልፏል፤ ዘበኛው ብቻ አለ፤ ነገር ግን መስመሩ ሌሊቱን ሙሉና እሑድን ሙሉ 11 ኪሎዋት ይስባል። ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ መለኪያው ተሳስቷል አሉ። ቅዳሜ ማታ አብረን ሄደን ቆመን ስናዳምጥ ኮምፕሬሰሩ በየጥቂት ደቂቃው እየተነሳ ይሠራል፤ ማንም አየር አይጠቀምም፤ አየሩ የሚሄደው በቀዳዳ ነው። በ7 ባር ግፊት 3 ሚሊ ሜትር የምታክል አንዲት ቀዳዳ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚሆን የኮምፕሬሰር ጉልበት ትበላለች፤ ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን ከቆየች ከ26 እስከ 35 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። በቂ ጥገና በሌለበት መስመር ከተጨመቀው አየር ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶው በዚህ መንገድ መጥፋቱ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነገር ነው። ቀዳዳዎቹን ያገኘናቸው በሳሙና ውሃና በቀለም ብሩሽ ነው፤ መገጣጠሚያውን ስትቀቡት አረፋ ካወጣ እዚያ ነው። ቱቦ የሚያስር የብረት ማሰሪያና ጥቂት ማኅተም ጎማ በቂ ነበር። ከዚያም ማሽኖቹ በትክክል የሚፈልጉት ግፊት ስንት እንደሆነ ጠይቀን ከ8 ወደ 7 ባር ዝቅ አደረግነው፤ በአንድ ባር ቅናሽ የኮምፕሬሰሩ ፍጆታ ወደ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ልብ በሉ፤ ቀዳዳውን ያገኘው ሳሙና ነው፤ ሳሙና ፍለጋ የላከን ግን ቆጣሪው ነው።

ሁለተኛው ነገር ከፍተኛ ጭነት ነው። በኢንዱስትሪ ታሪፍ የሚከፍል ደንበኛ ከተጠቀመበት ኪሎዋት ሰዓት ሌላ በወሩ ውስጥ በደረሰበት ከፍተኛ ጭነት ልክ ይከፍላል። ብዙ ኤሌክትሪሺያኖች ጥፋቱን በሞተር መነሻ ላይ ይጥሉታል፤ በርግጥ ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል፤ ነገር ግን መነሻው የሰከንዶች ጉዳይ ሲሆን ቆጣሪው የሚያሰላው በደቂቃዎች አማካይ ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። ጥፋተኛው ወፍጮው፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ማቀዝቀዣውና የውኃ ፓምፑ በአንድ ሰዓት አብረው መሥራታቸው ነው። ፓምፑ ታንከር የሚሞላው ሌሊት ቢሆን ማንም አይጎዳም። ይህን ለማወቅ ግራፉን አንድ ሳምንት ማየት ይበቃል፤ ለማስተካከል ደግሞ ለፓምፑ የሰዓት ማብሪያ መግዛት። ከምትስቡት ኤሌክትሪክ ምን ያህሉ በርግጥ ሥራ ላይ እንደዋለ ስለሚያሳየው፣ ፓወር ፋክተር ስለሚባለው ነገር ብዙ አልናገርም፤ ደረሰኛችሁን ለኤሌክትሪሺያናችሁ አሳዩት፤ እሱን የሚያስተካክል ካፓሲተር ያስፈልጋል ብሎ ከነገራችሁ መጀመሪያ ያለው ካፓሲተር በሕይወት መኖሩን ይለካ። ሞቶ የቆየ ካፓሲተር በየፓኔሉ አይቻለሁ።

አሮጌ ማሽን እንዴት ይናገራል ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። ይናገራል። ሞተሩ መሥራት አለመሥራቱን ሲቲው ያውቃል፤ በማጓጓዣው ጫፍ የምትገጠም አንዲት የቅርበት ሴንሰር ያለፈውን ጆንያ ወይም ጠርሙስ ትቆጥራለች፤ የሙቀትና የግፊት መለኪያዎች ደግሞ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር በሚባለው የቆየ ሥርዓት ይናገራሉ። ይህ ሥርዓት ከዜሮ ሳይሆን ከ4 መጀመሩን ሁልጊዜ እወድለታለሁ። ግፊቱ ዜሮ ሲሆን 4 ይልካል፤ ሽቦው ሲበጠስ ግን ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ «ምንም የለም» በሚልና «የሚነግረኝ የለም» በሚል መካከል ያለውን ልዩነት አንድ ሽቦ ብቻውን ያሳያል። ስክሪን ሻጮች የሚያሳዩዋችሁ ብዙ ዘመናዊ ሶፍትዌር ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ የመጨረሻውን ቁጥር አረንጓዴ አድርጎ ያቆየዋል። ስትገዙ ሻጩ ፊት ሽቦውን ንቀሉትና ስክሪኑ ምን እንደሚል እዩ። መለኪያዎችን ለማያያዝ አርኤስ 485 የሚባለው ባለ ሁለት ሽቦ መስመር እስከ 1,200 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ ከዚህ ከተማ አነስተኛ ፋብሪካዎች ውስጥ ግቢው ከዚያ የሚረዝም አላየሁም። ዋይፋይ የግድ አይደለም።

አሁን በውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ የማታገኙትን አንድ ጉዳይ ላንሳ፤ የሰዓት ጉዳይ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሲስተሙ «መስመር ሁለት 7:40 ላይ ለ50 ደቂቃ ቆሟል» የሚል ሪፖርት አወጣ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ የከሰዓት በኋላ ፈረቃ ኃላፊውን ጠራው። ሰውየው «አቦ፣ እኔ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ማሽኔ እየሠራ ነበር» ቢልም የሚሰማው አላገኘም፤ ኮምፒዩተር አይዋሽማ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈበት። ኮምፒዩተሩ በርግጥ አልዋሸም፤ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነበርና 7:40 ያለው በእኛ ከጠዋቱ 1:40 ነው፤ ማሽኑ የቆመው በጠዋቱ ፈረቃ መግቢያ ላይ፣ ሰውየው ገና ቤቱ ሳለ ነበር። ነገሩ የተገለጠው ከሳምንት በኋላ በአጋጣሚ ነው። ደብዳቤው ተነሳለት፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው ለሲስተሙ ያለውን ስሜት ማንም አላነሳለትም።

የወሩም ነገር እንዲሁ ነው። ደመወዝና የምርት ዕቅድ በእኛ ወር ይሄዳሉ፣ ሲስተሙ በእነሱ ወር ይደምራል፤ ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ሒሳቡ ጭራሽ ይፋለሳል። ሶፍትዌር የሚሠራላችሁን ወጣት ከሁሉ አስቀድማችሁ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚሉ ቃላትን ከቁጥሩ አጠገብ ጻፍ፤ ሪፖርቱም በፈረቃ ይውጣ» በሉት። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ምክር አለኝ። ጃፓናዊው ሴይቺ ናካጂማ ያስፋፉትና ኦኢኢ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው መለኪያ አለ፤ ማሽኑ የሠራበትን ጊዜ፣ ፍጥነቱንና የጥሩ ምርቱን ድርሻ ያባዛል። ከ450 ደቂቃ ውስጥ 90 ደቂቃ የቆመ፣ ከፍጥነቱ 90 በመቶ የሠራና ከምርቱ 97 በመቶው ጥሩ የሆነ ማሽን ወደ 70 በመቶ ይመጣል። ብዙ ቦታ 85 በመቶ እንደ ግብ ይጠቀሳል። ቁጥሩን አልቃወምም፤ የምቃወመው ፈረቃን ከፈረቃ ለማወዳደርና ጉርሻ ለመከልከል ሲውል ነው። ያን ጊዜ ኦፕሬተሩ ማሽኑን ባዶውን ማዞር ይማራል። ሦስቱን ቁጥሮች ለየብቻ እዩአቸው፤ ማሽኑ ለምን እንደቆመ ደግሞ ሴንሰሩን አትጠይቁት፤ እሱ የሚያውቀው መቼ እንደቆመ ነው። ለምኑን የሚያውቀው ኦፕሬተሩ ነው፤ የሚናገረውም እንደማይቀጣበት ሲያምን ነው።

የአየሩን ጠባይ ሳላነሳ አላልፍም። ከሐረር የመጣችሁ ወገኖች በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆናችሁ ይህ ብዙም አይመለከታችሁም፤ እኛ ግን በ1,200 ሜትር ላይ፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚወጣባቸው ወራት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው የምንሠራው። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚችሉት ሙቀት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይወሰናል፤ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የተዘጋ ሳጥን ውስጡ እዚያ ይደርሳል። የሞተር ጥቅልል መከላከያ ከተፈቀደለት በላይ በየአሥር ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ እንደሚያጥር ኤሌክትሪሺያን ሁሉ ያውቀዋል። ሳጥኑን በጥላ በኩል ስቀሉት፤ ዱቄትና ሲሚንቶ ባለበት ቤት አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አትብሱበት። ከፍ አድርጋችሁም ስቀሉት፤ በ1998 ዓ.ም. ከተማችንን የመታውን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ፓኔል ከወለል አጠገብ አያስቀምጥም።

ስለ ኔትወርክ ብዙ አማርራለን፤ ነገር ግን የሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጀመረው ከዚሁ ከተማ ነውና ዛሬ ቢያንስ ሁለት ሲም ካርድ የመያዝ አማራጭ አለን። ያም ሆኖ ሲስተማችሁ ኔትወርክ እንደሚጠፋ አምኖ የተሠራ ይሁን። ኤምኪውቲቲ የተባለው የመልእክት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ የታሰበው በረሃ አቋርጦ የሚሄድ የነዳጅ ቧንቧን ውድና ደካማ በሆነ የሳተላይት መስመር ለመከታተል ነበር፤ ለእኛ ሁኔታ ይስማማል። ሳጥኑ በራሱ ማስታወሻ ይዞ መስመሩ ሲመለስ ከነሰዓቱ የሚልክ መሆኑን አረጋግጡ። መብራት ሲጠፋም ሳጥኑ ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ አነስተኛ ባትሪ ይኑረው፤ መብራት የጠፋበትን ደቂቃ የማይመዝግብ መዝገብ በእኛ አገር ምን ይረባል?

ስለ ገንዘቡ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ እንደደረሰ የምታስታውሱት ነገር ነው። በየወሩ በዶላር የሚከፈል ሶፍትዌር የያዙ ፋብሪካዎች ገዝተነዋል ያሉት ነገር የራሳቸው እንዳልነበረ ያን ጊዜ አወቁ፤ ክፍያው ሲቋረጥ የራሳቸውን መዝገብ እንኳ ማየት አልቻሉም። ስለዚህ መዝገቡ በግቢያችሁ ባለ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጥ፣ ከሌላ ኩባንያ መለኪያ ጋርም የሚግባባ ነገር ግዙ። ለማሽን የልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ አለ፤ ለሴንሰርና ለሽቦ ግን ብዙ ጊዜ ከኪሳችሁ ነው የምታወጡት፣ አበዳሪ በመያዣነት የሚቀበለው ዓይነት ዕቃ አይደለምና። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ወጪ በአንድ ዓመት ውስጥ ከኤሌክትሪክ ደረሰኙ ወይም ካልቆመ የማሽን ሰዓት ካልተመለሰ አይገዛ። ሁለተኛው ወጪ ከመጀመሪያው ትርፍ ይውጣ።

ደኅንነትንም በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖርዌዩ የአሉሚኒየም አምራች ኖርስክ ሃይድሮ ኮምፒዩተሮቹ በቫይረስ ተቆልፈው ገንዘብ ሲጠየቅ አልከፍልም ብሎ ብዙ ሥራውን ወደ ወረቀትና ወደ እጅ መለሰው። እንደዚያ ማድረግ የቻለው በእጅ መሥራት የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩት ነው። እናንተም ማሽኑን በእጅ ማስነሳትና ማቆም የሚችለውን ሰው አታስወጡት። ማሽን የሸጠላችሁ ድርጅት ከሩቅ ሆኖ የሚገባበት ፕሮግራም ሥራ ሲኖር ብቻ ይከፈት። የይለፍ ቃሉን ደግሞ እባካችሁ ከፓኔሉ በር ላይ ላጡት።

ወደ ሳጥናችን እንመለስ። መናገር ስጀምር በመስመሩ ላይ ያለፈው ኤሌክትሪክ የአምስቱ ማራገቢያዎች ድምር ነበር። አሁን መዝገቡን ሳየው ከ22 ደቂቃ በፊት በአንድ ጊዜ አንድ አምስተኛ ያህል ወርዶ እዚያው ቆሟል፤ ማለትም አንዱ ማራገቢያ ቆሟል። ከመድረኩ ላይ ሆኜ አላየሁትም። ከኋላ በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጣችሁ ግን ሳጥኗ ሳትነግራችሁ አውቃችሁታል፤ ፕሮግራሙ በታተመበት ወረቀት ስታራግቡ ቆይታችኋልና። መልእክቱን የላክነው ለእኔም ለአዘጋጆቹም አይደለም፤ ለአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን ብቻ ነው። ያው መሰላሉን ይዞ በጎን በር እየገባ ነው፤ እባካችሁ ወንበሮቹን ትንሽ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ መንገድ ልቀቁለት። ጥያቄ ያላችሁ እሱ እየሠራ መጠየቅ ትችላላችሁ።